እሳት ልንጭር መጥተን

ብርድ እናውቃለን ባዮች ነበርን። ደባርቅ ተወልዶ፣ ዳባት አድጎ፣ «ብርድ አላውቅም» የሚል ሰው እንዴት ሊኖር ይችላል? ደባርቅ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከስሜን ተራራ የሚወርደው ነፋስ በጋቢ ቢሉት በቡልኮ ቢሉት አይመለስም፤ ሲነጋ የታጨደው የገብስ ማሳ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ከቆላ የመጡ ወንድሞቻችን መኝታ ክፍል ውስጥ ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ እኛ እንስቅባቸው ነበር። «ይኼም ብርድ ሆኖ! ኧረ እናንተ ልጆች፣ ደባርቅ ብትመጡ ምን ልትሆኑ ነው?»

አሁን ግን ትምክሕታችንን ዋጥ አድርገናል። ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመት ደረስንና መምህራችን የሴሚናር ርዕስ አደሉን። ለእኛ ለአራታችን የደረሰን ርዕስ ገና ሲጠሩት ትንፋሽ ያሳጥራል፤ «በቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር ናኖ አካላት ውስጥ በጉርብትና ስለሚፈጠር ሱፐርኮንዳክቲቪቲ»። ይህ ሥራ የሚሠራው በምን ዓይነት ብርድ ነው ብለን ብናይ፣ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ወርዶ፣ ቅዝቃዜ ራሱ ወደሚያልቅበት ጫፍ ተጠግቶ፣ ከፍጹም ዜሮ በአንድ ዲግሪ መቶኛ ክፍሎች ብቻ ከፍ ብሎ ነው። ለካስ እኛ ብርድ የምንለው ሙቀት ኖሯል!

ነገሩ በሳቅ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም። ርዕሱ በተሰጠን ሳምንት ከአራታችን አንዱ፣ የዳባቱ ልጅ፣ ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ ተቀብሎ መጣ። አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ልትሞላው ነው?» አልነው። «እያሰብኩበት ነው» አለን። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው እሱ እያሰበ ሳለ ነው። እንድንጽፈው ፈቅዶልናል፤ «ስሜን ብቻ አትጥሩ» ብሏል። ቅጹን የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን የፊታችን ዓርብ ነው።

* * *

«ለምን?» ብለን አልጠየቅነውም። እናውቀዋለንና። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ገብቶ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰው ሲያልቅ የእሱም ቤት ሐዘን ገባበት። ከዚያ ወዲህ እናቱ ተስፋ አድርገው የሚያዩት እሱን ነው። ታናናሾቹ ደብተር ይፈልጋሉ፤ ማሳው ሰው ይፈልጋል። እሱ ደግሞ እዚህ ተቀምጦ፣ ከፍጹም ዜሮ አጠገብ ኤሌክትሮን እንዴት እንደሚራመድ ይጽፋል። ሌሊት አልጋው ላይ ሲገላበጥ እንሰማዋለን።

ለእኛስ ምን ማለት ነው? ክፍላችን ውስጥ ያለነው በጣት የምንቆጠር ነን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከእነዚያ ውስጥ ፊዚክስን ወድዶ የሚመርጠው ስንቱ ነው? በጣት ከሚቆጠሩት አንድ ጣት ሲቆረጥ እጁ ሁሉ ያመዋል።

* * *

ለፊዚክስ ሰው ላልሆነው አንባቢ ነገሩን እናሳጥረው። (ከዚህ በታች ስለ ሳይንሱ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች ቆጠራ ናቸው።)

በተራ ሽቦ ውስጥ የሚሄድ ኤሌክትሮን እንደ ቅዳሜ ገበያተኛ ነው፤ ይጋፋል፣ ይደናቀፋል፤ በመደናቀፉም ጉልበቱን በሙቀት መልክ ያፈሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚግለው በዚህ ምክንያት ነው። በ1911 በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ካመርሊንግ ኦነስ ሜርኩሪን በፈሳሽ ሂሊየም እያቀዘቀዘ ሲለካ፣ 4.2 ኬልቪን፣ ማለት ያው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ላይ ሲደርስ እንቅፋቱ ድንገት ጠፋ። ቀነሰ አላልንም፤ ጠፋ! ይህን ጠባይ ያለውን ነገር ሱፐርኮንዳክተር አሉት። ምክንያቱን አጥጋቢ አድርጎ ለማስረዳት ግን 46 ዓመት ፈጀ። በ1957 ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር እንዳሳዩት፣ በዚያ ብርድ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ለየብቻ መሄዳቸውን ትተው ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ፤ ጥንዶቹም ሁሉ እንደ አንድ ማኅበር በአንድ እርምጃ ይጓዛሉ። አንዱን ነጥሎ ማደናቀፍ አይቻልም። ጥንዱን መበጠስ ያስፈልጋል፤ በዚያ ብርድ ደግሞ ለመበጠስ የሚበቃ ጉልበት አይገኝም። በሆስፒታል የሚገኘው የኤም አር አይ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ማግኔቱ የሚሠራው እንዲህ ካለ ሽቦ ነው፤ ሽቦው የኒዮቢየምና የቲታኒየም ቅይጥ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም ፈሳሽ ሂሊየም ነው።

ሁለተኛው ባለጉዳይ ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር ይባላል። እስቲ ድፎ ዳቦ አስቡ። ውጪው ቅርፊት፣ ውስጡ ልል። ቢስመዝ ሴሌናይድ የሚባለው ክሪስታል ውስጡ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ቅርፊቱ ግን ያሳልፋል። «ታዲያ ምን ይገርማል? እንጨት በመዳብ ቢለበጥ እንዲሁ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይደለም! ድፎውን ብትቆርሱት የተቆረሰው ፊት ቅርፊት የለውም። ይህን ክሪስታል ብትሰብሩት ግን የተሰበረው ፊት እዚያው ቅርፊት ሆኖ ይገኛል። መቶ ጊዜ ስበሩት፤ መቶ ጊዜ ቅርፊት አለው። ቅርፊቱ ከውጭ የተቀባ ሳይሆን ከውስጡ ጠባይ የሚወጣ ነውና። ቢስመዝ ከባድ አቶም ነው፤ በከባድ አቶም ዙሪያ የሚፈጥን ኤሌክትሮን ስፒኑና ጉዞው ይቆላለፋሉ፤ በዚህም የተነሣ የኤሌክትሮኖቹ የጉልበት እርከን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ የላዩ ታች፣ የታቹ ላይ ይሆናል። የተገለበጠው አካል ካልተገለበጠው ዓለም፣ ከአየሩ ጋር፣ በሚገናኝበት ድንበር ላይ ግልብጡ መቃናት አለበት፤ ሲቃና እርከኖቹ መገናኘታቸው የግድ ነውና በድንበሩ ላይ መንገድ ይከፈታል። ኬንና ሜሌ ሐሳቡን በ2005 በወረቀት ላይ ጻፉት፤ በ2007 በጀርመን አገር በቩርትስቡርግ የሞለንካምፕ ቡድን በስስ የሜርኩሪ ቴሉራይድ ንጣፍ ውስጥ አየው፤ በ2009 ደግሞ ቢስመዝ ሴሌናይድ ከነቅርፊቱ ታወቀ።

መንገዱ እንደ ሌላው መንገድ አይደለም። በስሜን ገደል ጥግ ጭነት እየነዳ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ የተጫነች በቅሎ በቀጭኑ መንገድ ላይ ወደ ኋላ ልዙር ብትል ጭነቱ አያዞራትም። እዚህ ቅርፊት ላይ ያለ ኤሌክትሮንም ወደ ፊት ሲሄድ ስፒኑ ወደ አንድ ጎን፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ወደ ሌላው ጎን መሆን አለበት። የገጠመው ተራ ጉድፍ ስፒኑን ሊገለብጥለት ስለማይችል በመጣበት መንገድ ቀጥ አድርጎ ሊመልሰው አይችልም። ወደ ጎን ሊያዘነብለው ይችላል። ጉድፉ ማግኔትነት ካለው ግን ሊመልሰውም ይችላል፤ ጭነቷን አውርዶ በቅሎዋን የሚያዞር ሰው እንደማለት ነው።

«ናኖ»ው ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ ያው የድፎው ነገር ነው። ክሪስታሉ በወረቀት ላይ እንደሚባለው ንጹሕ አይደለም፤ አልፎ አልፎ የሴሊኒየም አቶም ይጎድለዋል፤ በዚህ ሰበብ ውስጡ ማሳለፍ ይጀምርና የቅርፊቱን ወሬ ይውጠዋል። ትልቅ ድፎ ልሉ ይበዛል። ድፎውን አሳንሰው አሳንሰው ጣት የምታክል ሲያደርጉት ግን አብዛኛው ቅርፊት ነው። ስለዚህ ከሰው ፀጉር ሺህ ጊዜ ያህል የሚቀጥን ዘንግና ጥብጣብ ያበቅላሉ። ወይም ክሪስታሉን በፕላስተር እየላጡ ያሳሱታል፤ አምስት አምስት የአቶም ደርብ እየሆነ የተነባበረ ስለሆነ፣ በአንዱ አምስት ደርብና በሌላው መካከል ያለው ማያያዣም ደካማ ስለሆነ፣ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። አንዱ አምስት ደርብ 1 ናኖሜትር ያህል ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ታውቃላችሁ። የቀረው ማጎራበት ነው። እሱን የተማርነው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

* * *

ለገና ዕረፍት ከጎንደር በሚኒባስ ተሳፈርን። አምባ ጊዮርጊስ፣ ገደብዬ፣ ዳባት… ዳባት ስንደርስ የዳባቱ ልጅ ይወርዳል ብለን ቦርሳውን አቀበልነው። «ደባርቅ ድረስ ልምጣ» አለ። ረዳቱ ሒሳብ ጨምር ቢለው ጨመረ። ማናችንም ምክንያቱን አልጠየቅንም። ያ ወረቀት ኪሱ ውስጥ እያለ የእናቱን ፊት ማየት ከብዶት ነው።

ደባርቅ አራታችንም አንደኛችን ቤት አረፍን። እራት ተበልቶ፣ እስቲ ሴሚናሩን እንለማመድ ብለን ደብተር ስንዘረጋ መብራቱ ድርግም አለ። የጓደኛችን ታናሽ እህት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እንቅፋት ስለሌለው ኤሌክትሪክ ልትናገሩ አይደል? በሉ ተናገሩዋ!»

ምድጃውን ከበን ተቀመጥን። ጥቂት እንደቆየን ጎረቤት ያሉት አሮጊት እማማ ገል ይዘው ገቡ። ክብሪት አጥተው አይደለም፤ «እሳት ልጭር» ብለው መግባት የኖረ ልማዳቸው ስለሆነ ነው። ከመቀመጫችን ብድግ አልን።

«ኧረ በእግዜር! ተቀመጡ ልጆቼ። ተማሪዎች ናችሁ አሉ። ምንድን ነው የምትማሩት?»

«ፊዚክስ ነው፣ እማማ።»

«እሱስ ምን ያበላል?»

ዝም አልን። የዳባቱ ልጅ ብቻ፣ «ይጠይቁልኝ እማማ! እኔም የምላቸው ይኼንኑ ነው» አለ።

ከመካከላችን ደፋሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ እርስዎ አሁን የሚያደርጉትን ነው የምንማረው። አንዱ ቤት እሳት አለ፤ አንዱ ቤት የለም። የሌለው ካለው ሲጠጋ እሳቱ ይሻገራል። በብረታ ብረትም እንዲሁ ይሆናል።»

እማማ ሳቁ። ገላቸውን ምድጃው ዳር አኖሩና ስለ እሳት መጫር ያውሩልን ጀመር። ያሉትን በማግስቱ ጽፈነዋል፤ ከመጽሐፉ ያነበብነውን ሳያነቡት ነግረውናልና።

«መጀመሪያ ገሉ ደረቅ ይሁን፤ ንጹሕ ይሁን» አሉ። «እርጥብ ገል ላይ ፍም ብታስቀምጥ ጭስ ብቻ ነው።» በእኛም ነገር እንዲሁ ነው። ሱፐርኮንዳክተሩ ኒዮቢየም ወይም አሉሚኒየም ሆኖ በክሪስታሉ ላይ ሲነጠፍ፣ በመካከላቸው የዝገት ወይም የአየር ቆሻሻ ስስ ሽፋን ከገባ ጥንዶቹ አይሻገሩም። ስለዚህ ብዙዎቹ ሥራውን አየር በወጣለት ሣጥን ውስጥ ይሠሩታል፤ የድካማቸው ትልቁ ክፍል ድንበሩን ማጽዳት ነው።

«ደግሞ ሩቅ አይኬድም» አሉ። «ከሩቅ ቤት የተጫረ እሳት ደጃፍህ ሳይደርስ ከሰል ነው።» ይህም እውነት ነው። ጥንዶቹ ወደ ጎረቤታቸው ከተሻገሩ በኋላ ከድንበሩ በራቁ መጠን ጥንድነታቸው ይላላል፤ የሚዘልቁት እንደ ዕቃው ንጽሕናና እንደ ብርዱ ከብዙ ናኖሜትር እስከ ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ነው የምንናገረው ሁሉ ስለ ናኖ የሆነው።

«የሰጠው ቤትም» አሉ ፍሙን በጣታቸው እያነሡ፣ ጣታቸው ደግሞ የማይቃጠል ይመስላል፣ «የሰጠውም ቤት ፍም የተነሣበት ዳር ይበርዳል። እሰጣለሁ እንጂ አይጎድልብኝም አልልም።» በድንበሩ አጠገብ ያለው የሱፐርኮንዳክተር ክፍልም በመስጠቱ ልክ ይደክማል። ይህ ተለክቷል።

እማማ ያልነገሩን አንድ ነገር ቢኖር በሩ ላይ የሚሆነውን ነው። አንድ ኤሌክትሮን ብቻውን የሱፐርኮንዳክተሩ በር ላይ ቢቆም አይገባም፤ እዚያ ቤት የሚገባው በጥንድ ነው። ስለዚህ አንድ ጓደኛ ጎትቶ ይገባል፤ ጓደኛው በነበረበት ቦታ ቀዳዳ ይቀራል፤ ቀዳዳውም ኤሌክትሮኑ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። አንድሬቭ ይህን የጻፈው በ1964 ነው። ጉርብትናው ራሱ ግን አስቀድሞ የታየ ነው፤ በ1932 ሆልምና ማይስነር በሁለት ሱፐርኮንዳክተሮች መካከል ተራ ብረት አስገብተው እንቅፋቱ ሲጠፋ ለክተዋል።

እማማ ፍማቸውን ይዘው ወጡ። በሩ ሲዘጋ የዳባቱ ልጅ እንዲህ አለ፤

«ምሳሌያችሁ ተሰብሯል። እማማ እሳቱን ቤታቸው ካደረሱት በኋላ የራሳቸው ነው። ይኼ ቤት ቢጠፋ የሳቸው ምድጃ ይነዳል። የኛ ክሪስታል ግን ኒዮቢየሙን ቢያነሡበት ያን ጊዜውኑ ተራ ይሆናል። ጎረቤቱ ሲሄድ ጥንዱም ይሄዳል። እኛስ የተማርነው የትኛው ነው? ከግቢው በር ስንወጣ አብሮን የሚወጣው ነው፣ ወይስ እዚያው የሚቀረው?»

ማንም መልስ አልሰጠውም። ምድጃው ሲዳፈን እኛም ተኛን።

* * *

በማግስቱ ሊማሊሞ ወጣን። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን፣ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው የሚወርደውን መንገድ ቁልቁል እያየን፣ የሴሚናሩን የመጨረሻ ክፍል ማንበብ ጀመርን።

መንገዱን ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቀደደው ነው። በዚያው ዘመን በጣሊያን አገር ኤቶሬ ማዮራና የሚባል ወጣት የፊዚክስ ሊቅ ነበር። በ1937 ባወጣው ጽሑፍ፣ የራሱ ተቃራኒ ራሱ የሆነ ቅንጣት ሊኖር እንደሚችል በስሌት አሳየ። በ1938 መርከብ ተሳፈረና ተሰወረ፤ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ቀረ። ስሌቱ ግን አልተሰወረም። 70 ዓመት አልፎ በ2008 ፉና ኬን ይህን ጻፉ፤ ተራ ሱፐርኮንዳክተር ብቻውን ማዮራናን አይወልድም። ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተርም ብቻውን አይወልድም። ሁለቱ ሲጎራበቱ ግን፣ ጅረቱ በሱፐርኮንዳክተሩ ውስጥ እንደ አዙሪት በሚሽከረከርበት ቦታ፣ ከሁለቱ አንዳቸውም ያልነበራቸው ነገር ይገኛል። እንደ ማዮራና ቅንጣት የሚሆን ግማሽ ነገር ነው፤ ሌላው ግማሹ ሌላ ቦታ ይኖራል። የውል ወረቀት ለሁለት ተቀዶ ግማሹ አንድ ሽማግሌ ዘንድ፣ ግማሹ ሌላው ሽማግሌ ዘንድ ቢቀመጥ፣ አንዱን ብቻ ያገኘ ሌባ ውሉን ሊያነበው አይችልም። የኳንተም ኮምፒውተር ሰዎች ጽሑፋቸውን እንዲህ አድርገው ማስቀመጥ ይመኛሉ።

ተገኝቷል ወይ? በ2011ና በ2012 የወጡ ጽሑፎች በቢስመዝ ሴሌናይድና በቢስመዝ ቴሉራይድ ስስ ቁራጮች ውስጥ፣ እንቅፋት የሌለው ጅረት ከአንዱ ሱፐርኮንዳክተር ወደ ሌላው ሲሻገር መለካቱን አስታውቀዋል። ይህ ጆሴፍሰን የሚባለው ሰው በ1962 በስሌት የተነበየው ዓይነት ጅረት ነው። ጆሴፍሰን ያን ጊዜ የኬምብሪጅ ተማሪ፣ የ22 ዓመት ልጅ ነበር። ልብ በሉ፤ እንደኛው ተማሪ! ማዮራናው ግን ሁሉም ያለ ክርክር የተቀበለው ማስረጃ እስካሁን አልወጣለትም። እንዲያውም በሌላ ዓይነት ዘንግ፣ በሴሚኮንዳክተር ናኖ ሽቦ ላይ ተሠርቶ በ2018 «ኔቸር» ላይ የታተመ ትልቅ ጽሑፍ ነበር፤ ሌሎች ሰዎች ቁጥሮቹን መልሰው ሲመረምሩ ጉድለት አገኙበትና ጸሐፊዎቹ በ2021 ጽሑፉን ራሳቸው መልሰው አነሡት። እኛ ይህን ስናነብ አላፈርንላቸውም። «ተሳስተናል» ብሎ በአደባባይ የሚጽፍ የሙያ ማኅበር መኖሩ ራሱ ደስ ይላል።

የገደሉ ነፋስ ወረቀታችንን ሊነጥቀን ሲታገል፣ ለዳባቱ ልጅ ማታ ያጣነውን መልስ ያገኘን መሰለን። «ያልከው ግማሹ እውነት ነው» አልነው። «ጥንዶቹ የተዋሱት ናቸው፤ ጎረቤቱ ሲሄድ ይሄዳሉ። ቅርፊቱ ግን የማንም ብድር አይደለም፤ ቢሰብሩትም ይኖራል። አዲሱ ነገር የተገኘው ደግሞ ተበዳሪው የራሱ ጠባይ ስለነበረው ነው። ያንኑ ኒዮቢየም በተራ መዳብ ላይ ቢያነጥፉት መዳቡ የጎረቤቱን ጠባይ ከመዋስ አልፎ ያን አዲስ ነገር አይወልድም።»

ረጅም ጊዜ ወደ ቆላው ሲያይ ቆየ።

«ቅርፊት እንጀራ አይሆንም» አለ።

ይህን ሲል ቁጣ አልነበረበትም። መልስ ቢኖረን እንመልስለት ነበር።

* * *

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለኛ ምናችን ነው?» የሚሉ አሉ፤ በዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከልም እንደማይጠፉ እናውቃለን። በጉጂ ምድር በቀንጢቻ ያለው የታንታለም ማዕድን በውስጡ ኒዮቢየም አለበት። ታንታለም 4.5 ኬልቪን ገደማ ላይ፣ ኒዮቢየም ከ9 ኬልቪን ጥቂት ከፍ ብሎ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናሉ። አበዳሪው ጎረቤት እንግዲህ የራሳችን መሬት ልጅ ነው። የጎደለን ፍሙ አይደለም፤ ምድጃው ነው። ፈሳሽ ሂሊየም እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ሙከራው አይሞከርም፤ ስሌቱ ግን ይሰላል፤ ሲሰላም ኖሯል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል ሱፐርኮንዳክቲቪቲና ማግኔትነት በአንድ አካል ውስጥ እንዴት አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ የሚመረምሩ የማስተርስ ጽሑፎች ለዓመታት ተጽፈዋል። የተጻፉት በእርሳስና በወረቀት ስሌት ነው።

እሳት የሚጫረው ከሰው ለሰው መሆኑንም ከዚያው ክፍል ታሪክ እናያለን። ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። ከእስር ሲወጡ ግን ወደ ፊዚክሳቸው ተመለሱ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲካል ፊዚክስ አስተማሩ። በ2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር ለሰብአዊ መብት የሚሰጠውን የሳካሮቭ ሽልማት ሰጥቷቸዋል። ጎረቤቱ ሲነጠቅ የሚጠፋው የትኛው እንደሆነ፣ የማይጠፋውስ የትኛው እንደሆነ፣ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አለ ብለን አናምንም።

ለወንድማችን ግን ይህን ብለን አላስጨነቅነውም። ሰው በሌላ ሰው ጽናት አይዳኝም። እሱ የሚመልሰው ለእናቱ ነው።

* * *

ስንመለስ ሚኒባሱ ዳባት ሲደርስ «ወራጅ አለ!» አለ። ወረደ። እኛ ወደ ግቢያችን ቀጠልን። ሰኞ አልመጣም፤ ማክሰኞ አልመጣም። አልጋውን ሌላ ሰው እንዳይዝበት መጻሕፍታችንን ደረደርንበት። ረቡዕ ማታ አንድ ቁና ቆሎ በፌስታል ይዞ ገባ። ወረቀቱን ለእናቱ አሳይቷቸው ኖሯል። ምን እንዳሉት ብንጠይቀው፣ «‹የተጀመረውን ትምህርት መጀመሪያ ንገረኝ፤ ከዚያ ስለ ወረቀቱ እናወራለን› አለችኝ» አለን። ሁለት ሌሊት ምድጃው ዳር ሲነግራቸው አደረ። ስለ ድፎው፣ ስለ በቅሎዋ፣ ስለ ጥንዶቹ። ሲጨርስ «ውሳኔው ያንተ ነው» ብለውታል። ይኸው ነው።

ቅጹ እስከ አሁን ኪሱ ውስጥ ነው። አልሞላውም፤ አልቀደደውምም።

ሴሚናራችን ነገ፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ነው። ስለ ሱፐርኮንዳክተሩ አንዳችን፣ ስለ ቅርፊቱ አንዳችን፣ ስለ ማዮራና አንዳችን እንናገራለን። የጉርብትናውን ክፍል የሚያቀርበው የዳባቱ ልጅ ነው፤ ራሱ ጠይቆ ወስዶታል። በማግስቱ ዓርብ ነው። የምትችሉ ሁሉ ኑ፤ ወንበሩ እንዳይበዛብን። ክፍሉ ይበርዳልና ጋቢ ያዙ።